ከጥም የሚወለድ አበባ

ውሃ ያጣ ተክል ይጠወልጋል፤ ውሃ ያገኘ ይለመልማል። ይህ ደንብ ባለ እርሻውም፣ በጓሮዋ ጎመን የምታበቅል ባልቴትም፣ በመስኮቱ ላይ ጽጌረዳ የሚያሳድግ ወጣትም አሳምረው የሚያውቁት ነው። ካክተስ የተባለው እሾኻም ተክል ግን ከዚህ ደንብ የወጣ ፍጥረት ነው። ካክተሱን በየማለዳው የሚያጠጣ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ተክሉ ከሥሩ በስብሶ ያገኘዋል። ባይበሰብስ እንኳ ዓመት ከዓመት አረንጓዴ ሆኖ ከመቆየት በቀር አንዲት አበባ አያሳየውም። በአንጻሩ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለሦስት ወር ያህል ውሃ ከልክሎ በቀን ለፀሐይ፣ በሌሊት ለብርድ የተወው ሰው፣ ወራቱ ሲደርስ ከእሾሁ መካከል ቀይ፣ ቢጫ ወይም ነጭ አበባ ፈንድቶ ያያል።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ይልቁንም ክፍላቸው ጠባብ፣ ደመወዛቸው ልክ ላላቸው ወጣቶች ነው። የአትክልት ቦታ የሌለው ተማሪ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ አበባ ማሳደግ ቢያምረው ብዙ ጊዜ ነገሩ አይሳካለትም። ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ለዓመት በዓል ወደ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ሁለት ሳምንት ሲቆይ፣ ሲመለስ ተክሉ ደርቆ ይጠብቀዋል። ካክተስ ግን የመስኮት ደፍ ይበቃዋል፤ ባለቤቱ መንገድ ቢሄድ አይከፋውም። የሚፈልገው ከብዙ ድካም ይልቅ ጥቂት ዕውቀትና ብዙ ትዕግሥት ነው።

ካክተስና ቁልቋል

በአገራችን ብዙ ሰው ካክተስን ሲያይ «ይህማ ቁልቋል ነው» ይላል። መልካቸው በእርግጥ ይመሳሰላል፤ ዘራቸው ግን የተለያየ ነው። በገደል አፋፍ ላይ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚቆመው፣ በገጠርም ለአጥር የሚተከለው ቁልቋል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት የሚመድቡት ኤውፎርቢያ ከሚባለው ወገን ነው። ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ይህም ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል።

የካክተስ የትውልድ አገር ግን አሜሪካ ነው። ከካናዳ ጀምሮ እስከ ደቡብ አርጀንቲና ድረስ ከ1,500 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ ከአሜሪካ ውጭ ሰው ሳይተክለው በዱር በቅሎ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሞቃት የአፍሪካ አገሮችና በስሪላንካ ደኖች ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረው ሪፕሳሊስ ነው። «ካክተስ» የሚለውም ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ግሪኮች የሚጠሩበት ሌላ እሾኻም ተክል ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኒየስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ ከአሜሪካ ለመጡት ተክሎች ይህንኑ ስም ስለ ሰጣቸው እስከ ዛሬ በእርሱ ይጠራሉ።

ሁለቱን ለመለየት የፈለገ ሰው እሾሁ የሚወጣበትን ሥፍራ ይመልከት። የካክተስ እሾህ የሚበቅለው ትንሽ የሱፍ ትራስ ከመሰለች ጉብታ ላይ ነው፤ ከአንዲት ጉብታ ብዙ እሾህ እንደ ኮከብ ጨረር ይዘረጋል። የቁልቋል እሾህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚወጣ ሲሆን እንዲህ ያለ የሱፍ ትራስ የለውም። ሁለቱ ተክሎች ሳይዛመዱ መመሳሰላቸው የሚያስደንቅ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየአገራቸው ያገኛቸው የውሃ እጥረት አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ የማይተዋወቁ ሁለት እረኞች ለአንድ ዓይነት ብርድ አንድ ዓይነት ጋቢ እንደሚደርቡ፣ እነርሱም ለአንድ ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ።

በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው እውነተኛ ካክተስ በትግራይ በለስ የሚባለው፣ በአማርኛ ደግሞ የባሕር ቁልቋል የተባለው ነው። አባቶቻችን ስም አወጣጥ ያውቁ ነበር። ባሕር ዛፍን ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ መሆኑን በስሙ እንደ ገለጡ፣ ይህንንም ከባሕር ማዶ የመጣ ቁልቋል ብለው ከአገሩ ቁልቋል ለዩት። የመጀመሪያ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት በካቶሊካውያን ሚስዮናውያን እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። በክረምት ወራት፣ የጎተራው እህል በሚሳሳበት ጊዜ ፍሬው ስለሚደርስ ለብዙ ቤተ ሰብ ምግብ፣ ግንዱም ለከብት መኖ ሆኗል። እንግዲህ ካክተስ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ያልለመድነው ነገር በመስኮት ላይ አስቀምጦ አበባውን መጠበቅ ነው።

በጥም ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ካክተስን በደንብ ለማሳደግ የሚሻ ሰው በመጀመሪያ አኗኗሩን ማወቅ ይገባዋል። ቅጠል በፀሐይ ብዙ ውሃ ስለሚያስተንን፣ ካክተስ ቅጠሉን ትቶ ወደ እሾህ ለውጦታል። የቅጠልን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው ግንዱ ነው። ግንዱ ወፍራምና ሽንሽን ሲሆን፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ጠጥቶ እንደ አኮርዲዮን ይነፋል፤ ድርቅ ሲሆን ደግሞ ሽንሽኑ ይሰበሰባል። ስለዚህ ካክተስ በደረቁ ወራት ትንሽ ቢኮማተር መታመሙ አይደለም፤ ያጠራቀመውን በቁጠባ መብላቱ ነው።

ከዚህም በላይ አተነፋፈሱ ልዩ ነው። ሌሎች ተክሎች ጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸውን በቀን ከፍተው ለምግባቸው የሚያስፈልጋቸውን አየር ሲያስገቡ፣ በዚያው ቀዳዳ ውሃቸው ይወጣባቸዋል። ካክተስ ግን ቀዳዳውን በቀን ዘግቶ በሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። በሌሊት ያስገባውን አየር ወደ አሲድ ለውጦ ያስቀምጥና በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ምግቡን ይሠራበታል። ሌሊቱ የቀዘቀዘ አገር ለብዙዎቹ ካክተሶች የሚስማማቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጥልቀት አይወርድም፤ ከመሬቱ ገጽ በታች በስፋት ይዘረጋል። አጭር ዝናብ በጣለ ጊዜ ፈጥኖ አዳዲስ ቀጫጭን ሥሮች አብቅሎ ውሃውን ይመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ እንደ ገና ይደርቃል። በተፈጥሮው የለመደው ይህን ነው፤ አንድ ጊዜ መጥገብ፣ ከዚያም ብዙ ቀን መጾም። ሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ ከተቀበረ አየር ያጣና ይበሰብሳል። በቤት ውስጥ የሚሞተው ካክተስ አብዛኛው የሚሞተው በጥም አይደለም፤ በባለቤቱ ርኅራኄ ነው።

«ዊንተር» ክረምት አይደለም

ስለ ካክተስ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው። በእነርሱ ላይ «በዊንተር ውሃ አታጠጣ፤ በሰመር አጠጣ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። እዚህ ላይ ተማሪዎች በብርቱ ሊጠነቀቁ ይገባል። መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ዊንተርን «ክረምት»፣ ሰመርን «በጋ» ብሎ ይፈታላቸዋል። ይህን ፍቺ ይዞ የሚሠራ ሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በእኛ በጋ፣ ተክሉን ውሃ ያጠግበዋል፤ በዚህም ተክሉ ሊያርፍ የሚገባውን ጊዜ ያሳጣዋል። የፈረንጆቹ ዊንተር በወሩ ቢቆጠር የሚውለው በእኛ በጋ ነው እንጂ በክረምታችን አይደለምና።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ክፍል ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈካበትን የመስከረምን ወራት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ጸደይ የምንለው ከመጋቢት መጨረሻ የሚጀምረውን ነው። አደይ አበባ የሚፈካው ዝናብ ጠግቦ ነው፤ ካክተስ ግን የሚያብበው ጥሙን ከፈጸመ በኋላ ነው።

ለዚህ ጠባዩ የደጋው አገራችን አየር ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይልቅ የሚመች መሆኑን ጥቂት ሰው ብቻ ልብ ይለዋል። የብዙ ካክተሶች አገር የሆነውን የሜክሲኮን አምባ እንመልከት። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱም አገር ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በሁለቱም ዘንድ ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ይሆናል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ይህ ቅዝቃዜ ከደረቅ አፈርና ከፀሐይ ጋር ሲተባበር፣ ማሚላርያና ሬቡቲያ የሚባሉት ካክተሶች የአበባ እምቡጥ እንዲያበጁ የሚቀሰቅሳቸው ነው። በአውሮፓ የሚኖር አሳዳጊ ፀሐይ በጠፋበት ወራት ተክሉን የት ላስቀምጠው ብሎ ሲጨነቅ፣ እኛ ግን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ትተነው ልናድር እንችላለን።

ይህ ነገር እንግዳ የሚመስለው ካለ ቡናን ያስብ። ቡና እምቡጡን ካበጀ በኋላ በደረቁ ወራት ያቆየዋል፤ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በጣለ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ዛፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ ይታያል። ደረቁ ጊዜ ባይኖር ኖሮ አበባው እንዲህ አንድ ሆኖ አይወጣም ነበር። የጅማና የሲዳማ ገበሬ ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

አፈሩና ማሰሮው

ለካክተስ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከታች ቀዳዳ ያለው የሸክላ ማሰሮ ከሁሉ ይሻላል፤ ሸክላ በጎኑም ስለሚተነፍስ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ይህ ካልተገኘ የወተት ዱቄት ወይም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ከታች በምስማር አራት አምስት ቦታ በስቶ መጠቀም ይቻላል። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢያምር መቃብር ነው። ዕቃው ከተክሉ ጥቂት ሰፋ ያለ ይሁን እንጂ እጅግ ትልቅ አይሁን፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያልና።

አፈሩን በሚመለከት፣ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ፈጽሞ አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሥሩንም ይበጣጥሳል። ደኅናው ድብልቅ ግማሹ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ ግማሹ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ የገባበት ቀላል አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣው፣ ለመንገድና ለግቢ የሚነጠፈው ቀይ ቀላል ጠጠር በምስር መጠን ቢደቀቅ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ አየርም ይይዛል። ድብልቁ ልክ መሆኑን ለማወቅ በእጅ ጨብጠው ቢለቁት ወዲያው መበተን አለበት፤ እንደ ጭቃ ከተጠቀለለ ጠጠር ይጨመርበት።

ቦታው ብርሃን ያለው መሆን ይኖርበታል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት የጧት ፀሐይ ስለሚያገኝ መልካም ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ ወራት ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮት ይበልጣል። ሆኖም ከመሸጫው ጥላ ሥር የወጣ ካክተስ በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ቢጋለጥ ቆዳው ይቃጠላል፤ የተቃጠለውም ቦታ ነጣ ብሎ ጠባሳው አይጠፋም። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ይገባል። በጨለማ ቤት ውስጥ የቆየ ካክተስ ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ጫፉ ይቀጥንና ይረዝማል፤ ይህ ማደግ ሳይሆን መክሳት ነው።

የዓመቱ ሥራ

ጥቅምት። ዝናቡ ቆሟል። ውሃው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በየሦስት ሳምንቱ እየሆነ ይቀነሳል። በወሩ መጨረሻ የመጨረሻው ውሃ ይሰጣል።

ከኅዳር እስከ ጥር። ይህ የዕረፍት ጊዜ ነው። ውሃ አይሰጥም። ተክሉ ፀሐይ በሚያገኝበት፣ የሌሊቱም ቅዝቃዜ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከምድጃ አጠገብ ወይም ከመደርደሪያ ውስጥ አይግባ። ትንሽ ቢኮማተር አያስደነግጥ። እጅግ ትንሽ ለሆኑት ችግኞች ብቻ በወር አንድ ጊዜ ጥቂት ጠብታ ይበቃቸዋል። ውርጭ በሚጥልበት ከፍተኛ ደጋ የሚኖር ሰው ግን ማታ ማታ ወደ ውስጥ ያስገባው፤ ደረቅ ካክተስ ብርድን ይችላል፤ ውርጭን ግን ሁሉም አይችለውም።

የካቲት። ማሰሮ መለወጥ የሚያስፈልገው ካለ ጊዜው አሁን ነው። ተክሉን በታጠፈ ጋዜጣ ከብቦ መያዝ እጅን ከእሾህ ያድናል። ከተለወጠ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ አይሰጠው፤ የተበጠሰው ሥር እስኪድን ድረስ ይቆይ። በዚህ ወር በእሾሁ መካከል ወይም በጎኑ ጥቃቅን ነጠብጣብ መታየት ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እምቡጥ አየሁ ብሎ ወዲያው ውሃ ያፈስበታል። እምቡጡ ገና ሳይጠነክር ውሃ ካገኘ አበባ መሆኑን ትቶ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የምስር ፍሬ እስኪያህል መታገሥ ያሻል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት። አሁን ውሃ ይሰጥ። ሲሰጥም ጥቂት ጥቂት መርጨት ሳይሆን፣ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ማጥገብ ነው፤ ከዚያም አፈሩ እስከ ታች ደርቆ ሳያልቅ መድገም አይገባም። ይህ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። አፈሩ መድረቁን ለማወቅ ቀጭን እንጨት እስከ ታች ሰድዶ ማውጣት ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርቋል። እምቡጥ የያዘውን ማሰሮ ወዲያና ወዲህ ባያዞሩት ይመረጣል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ወራት ይህ ነው። የሜክሲኮ ደረቅ አምባዎች በዝናብ ወራት የሚያገኙት ውሃ ከአዲስ አበባ ክረምት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተክሉ ዝናብ በማይነካው፣ ነፋስ ግን በሚያገኘው በጣራ ክፈፍ ሥር ይቀመጥ፤ ከአሸንዳ የሚንጠባጠብ ውሃም እንዳያገኘው ይታይ። በየሳምንቱ ማጠጣት ይቅርና፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል።

መስከረም። ፀሐይ ስትመለስ ተክሉ እንደ ገና ያድጋል። ጥቂት ሳምንት በደንብ ይጠጣ፤ ለመጪው ጥሙ ስንቅ ይይዛል።

እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች የሌሊቱን ብርድ አያገኙትም። ለእነርሱ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ደረቁ ጊዜ ብቻ ነውና ውሃ የሚከለከልበትን ወራት በጥብቅ መጠበቅ አለባቸው።

የትኛውን ዓይነት እንምረጥ?

ጀማሪ ሰው ቶሎ የሚያብበውን ቢመርጥ ልቡ አይሰበርም። ሬቡቲያ ከቦሊቪያና ከአርጀንቲና ተራሮች የመጣ፣ ከዕንቁላል የማይበልጥ ትንሽ ካክተስ ነው። ከዘር ተዘርቶ እንኳ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ያብባል፤ ቀይና ብርቱካንማ አበባው የሚወጣው ከግንዱ ግርጌ ዙሪያ ስለ ሆነ ተክሉ በአበባ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ማሚላርያ ደግሞ አብዛኛው የሜክሲኮ ተወላጅ ነው፤ ጥቃቅን ሐምራዊ ወይም ነጣ ያሉ አበቦቹ በራሱ ዙሪያ እንደ አክሊል ይደረደራሉ። ጂምኖካሊሲየም የሚባለው ከሌሎቹ ይልቅ ጥላን ስለሚታገሥ ፀሐይ ለማይበዛበት መስኮት ይሆናል።

ኤኪኖፕሲስ ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በጎኑ ብዙ ልጆች ያወጣል። ልጁን ቆንጥጦ አውጥቶ፣ ቁስሉን ለጥቂት ቀን በጥላ አድርቆ፣ በደረቅ አሸዋማ አፈር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ኤኪኖፕሲስ ካለው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ሁሉ ያለ ገንዘብ ሊኖራቸው ይችላል።

በአንጻሩ ወርቃማ እሾህ ያለው፣ እንደ በርሜል የሚከበው ኤኪኖካክተስ ለትዕግሥተኛ ነው። ጀርመኖች በቀልድ «የአማት ወንበር» ይሉታል። ለማበብ ብዙ ዓመት ስለሚፈልግ በማሰሮ ውስጥ አበባውን የሚያይ ጥቂት ሰው ነው። በተፈጥሮ አገሩ በሜክሲኮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ግድብ ሲሠራ ከሚበቅልበት ቦታ ብዙው በውሃ ተውጦ ቀርቷል፤ በዓለም በየመስኮቱ የሚታየው ይህ ተክል በገዛ ምድሩ የመጥፋት አደጋ ያለበት ሆኗል። የአሪዞናውን ግዙፍ ሳዋሮን የሚያስብ ካለ ደግሞ ቀድሞ ይወቅ፤ እርሱ የመጀመሪያ አበባውን የሚያወጣው 35 ዓመት ያህል ከሞላው በኋላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ ለእርሱ የተባለ ይመስላል። ሆኖም አበባው ሲመጣ ክብሩ ትልቅ ስለ ሆነ አሪዞና በ1931 የግዛቷ አበባ አድርጋዋለች።

ሲገዙ ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በአረንጓዴ ግንድ ላይ እንደ ኳስ የተቀመጠው ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ነገር አበባ አይደለም። አረንጓዴ ቀለም ሳይኖረው የተወለደ፣ ብቻውን ምግቡን መሥራት የማይችል ካክተስ ሲሆን፣ በሌላ ካክተስ ላይ ተዳቅሎ ነው የሚኖረው። ዕድሜውም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች የደረቀ አበባ በሙጫ ለጥፈው ይሸጣሉ። እውነተኛ የካክተስ አበባ በቀን ብርሃን ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ከቀናት በኋላም ይጠወልጋል። ወር ሙሉ ሳይለወጥ የቆየ «አበባ» ካለ ሙጫውን መፈለግ ነው።

ጥጥ መሳዩ ጠላት

የካክተስ ዋና ተባይ በእሾሁ መካከል እንደ ጥጥ ብናኝ ሆኖ የሚታይ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ፣ የሐኪም አልኮል ነክሮ እያንዳንዱን መንካት ያጠፋዋል፤ ከሳምንት በኋላም መድገም ያሻል። የታመመውን ተክል ከጤነኞቹ መለየት ነው።

ነገሩን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ለዚህ ተባይ የሚቀርበው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት በበለስ ላይ የሚኖር ሲሆን፣ ሲጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም ይሰጣል። የሜክሲኮ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ልብሱን ያቀልምበት ነበር። ይኸው ነፍሳት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 በኋላ ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከቁጥጥር ወጥቶ በደቡባዊው ክፍል ብዙ የበለስ ሜዳ አጠፋ፤ በበለስ ይኖር የነበረውንም ገበሬ ጎዳ። በመስኮት ላይ ያለች አንዲት ማሰሮና የአንድ አውራጃ ተራራ ስፋታቸው ቢለያይም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ተባይን በጥቂቱ ሳለ ማየት ይሻላል።

መበስበስ የጀመረ ካክተስ ደግሞ ከሥሩ ይለሰልሳል፤ ቡናማም ይሆናል። ያን ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጡ በንጹሕ ቢላዋ የተበላሸውን ክፍል ጤነኛው ሥጋ እስኪታይ ድረስ መቁረጥ፣ ጤነኛውንም ራስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ አድርቆ በደረቅ አሸዋ ላይ ማቆም ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ገና ሥር ይሰዳል።

አበባው ሲፈነዳ

የሬቡቲያና የማሚላርያ አበባ ጧት ፀሐይ ሲነካው ይከፈታል፤ ማታ ይዘጋል፤ እንዲህ እያለ ጥቂት ቀናት ይቆያል። የኤኪኖፕሲስ ግን ሌላ ነው። ጠጉር የለበሰ ረጅም መለከት የመሰለ እምቡጥ በጎኑ ያወጣና ለብዙ ቀን ቀስ እያለ ያድጋል። ጫፉ ባበጠበት ቀን ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መከፈት ይጀምራል። ከመሸ በኋላ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ የሰፋ ነጭ አበባ ሆኖ ይታያል፤ ብዙዎቹም ሽታቸው ክፍሉን ይሞላል። በተፈጥሮ አገሩ በሌሊት የሚበሩ የእሳት ራቶችን የሚጠራበት ነው። በማግሥቱ ቀትር ሲደርስ ግን ይጠወልጋል።

ስለዚህ የዓመት ሥራ ፍሬው የአንድ ሌሊት ነው። ይህን የሰማ ሰው «ለዚህ ነውን?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በየቀኑ የሚታይ አበባ በየቀኑ ይረሳል፤ በዓመት አንድ ሌሊት የሚመጣውን ግን ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ መብራቱ ዝቅ ተደርጎ ያዩታል። ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰውም እንግዳ የሚጠራበት ምክንያት ያገኛል።

ለሁሉም የሚጀመርበት ጊዜ አለው። በጸደይ አበባ ማየት የሚፈልግ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በጸደይ ሳይሆን በጥቅምት ነው፤ ሥራውም የውሃ ማጠጫውን ከመስኮቱ አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ እጁን ቢሰበስብ፣ የቀረውን ፀሐይና የኅዳር ብርድ ይሠሩለታል።